አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሥራ ቀን፤ ሰዓቱ ከየት ይመጣል?

ጦሳ ሥር (ደሴ) · ሰኞ፣ ምሽት 2:40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲደርስ የቀረው ሰዓት ለእራትና ለእንቅልፍ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል። ቡናውን ካፌ ቆሞ ይጠጣና የቤቱን ለእሁድ ያቆየዋል። እሁድም ሲደርስ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዕድር አለ፤ ጀበናው ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይከርማል። እናንተ ግን ሙያውን ታውቁታላችሁና በደቂቃ እንነጋገርበት። ቡና ጊዜ ይፈጃል ሲባል ስንት ነው የሚፈጀው? የትኛው ሥራ ነው የሚያጥረው? የትኛውን ከነኩት ቡናው ቡና መሆኑ ይቀራል?

ለመነሻ የስድስት ሲኒውን ላስቀምጥ። ከሰል ማያያዝ 15 ደቂቃ። እሱ እስኪቀላ ቡናው ይለቀማል፣ ይታጠባል። መቁላት ከ10 እስከ 13፣ ማብረድ 3፣ መውቀጥ 5 ወይም 6። ውሃው ፈልቶ ቡናው ገብቶ እስኪንተከተክ 10፣ ተቀምጦ እስኪጠል 5። አቦል ሲኒ ውስጥ እስኪወርድ ወደ 50 ደቂቃ ነው። ቶናና በረካ ከነመጠጫቸው 20፣ 20 ደቂቃ ቢወስዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሞላ።

አሁን ልብ በሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወትበት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ሥራ ነው። እኔ የምለው፣ ሥራውን ከምሽቱ አውጥተን ቅዳሜ ላይ እንጣለው፤ ከመቀመጡ ግን አንዲት ደቂቃ አንቁረጥ። ሰው ሲቸኩል የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሥራውን ሁሉ ይሠራና አቦሉን ጨልጦ ቶናው ሳይደርስ ይነሳል።

የሙቀጫ ድምፅ (ሰኞ ገበያ) · ሰኞ፣ ምሽት 3:15

ደቂቃው ልክ ነው። ወደ ቅዳሜ የሚሄደው ሥራ መቁላቱ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ለስድስት ሲኒ አንድ ሲኒ ሙሉ ጥሬ ቡና ይበቃል፤ 50 ግራም ገደማ ነው። ለአምስት የሥራ ቀን ሩብ ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ምጣድ ላይ አትገልብጡት። ፍሬው ሲደራረብ የታችኛው እያረረ የላይኛው በእንፋሎት ይቀቀላል። ለሁለት ከፍላችሁ ቁሉት።

መጀመሪያ ይለቀም። ጥቁሩ፣ የተበሳው፣ የሻገተው ይውጣ፤ አንድ የሻገተ ፍሬ የጀበናውን ሁሉ ጣዕም ይወስደዋል። ሁለት ሦስት ውሃ እያሻችሁ እጠቡት፤ ገለባው በውሃው ይሄዳል። ከዚያ በደንብ አንጠፍጥፉት። እርጥቡን ከጣዳችሁት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች በማድረቅ ያልቃሉ።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እጃችሁም አይቁም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ደቂቃ ፍሬው ቢጫ ይሆናል፤ ሽታው ከሣርነት ወደ ዳቦነት ይዞራል። ወደ ዘጠነኛው ደቂቃ ግድም ይንጣጣል። ወሳኙ ከመንጣጣቱ በኋላ ያለው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዚያን ሰዓት በር ቢንኳኳ ሌላ ሰው ይክፈት። ፍሬው ላይ የቅባት ወዝ ሲታይ አውርዱት። ካወረዳችሁትም በኋላ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ስለማያቆም ቶሎ ሰፌድ ላይ አስጥታችሁ አራግቡት።

እሳት የበረታበት ቡና ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ሲጠጡት አፍ ላይ ይመራል፣ ጉሮሮ ላይ ይኮመጥጣል። ለማወቅ አንድ ፍሬ በጥርስ ስበሩ፤ የውስጡና የውጩ ቀለም መቀራረብ አለበት።

ሩብ ኪሎው ከተቆላ በኋላ ወደ 210 ግራም ይወርዳል፤ የጎደለው ውሃው ነው፣ የሰረቃችሁ የለም። ሙቀቱ ሳይወጣለት ዕቃ ውስጥ አትክደኑት፣ ያልበዋል። ሲበርድ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጠርሙስ አድርጋችሁ ከብርሃን አርቁት። እንደተቆላ ፍሬው ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ይቆያል። የተወቀጠው ግን በሁለት ሦስት ቀን ሽታው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ መቁላቱን አስቀድሙ፤ መውቀጡን በፍጹም አታስቀድሙ።

ሆጤ (ደሴ) · ሰኞ፣ ምሽት 3:52

የሙቀጫ ድምፅ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ሙያ ነው የጻፍሽው። ግን አንድ ነገር ልቃወም። ቡና ሲቆላ ጢሱ ለሰው መዞሩ እኮ የቡናው አንድ ክፍል ነው። ምጣዱ እየተንከሸከሸ ሲዞር እያንዳንዱ ሰው በእጁ ጢሱን ወደ ፊቱ እየሳበ ያሸታል። ያኔ ነው ስልክ ላይ ያቀረቀረው ቀና የሚለው፣ ከጓዳ የቀረችው የምትወጣው። ጎረቤትም ሳይጠራ የሚመጣው በዚያ ሽታ ነው። ቅዳሜ ጠርሙስ ውስጥ ከከተታችሁት ሰኞ ማታ ማን ይሰበሰባል?

ሽታውም እንዳይቀር፣ ጊዜውም እንዳይሄድ መንገድ አለው። የዕለቱን የተቆላ ቡና ለብ ባለ ምጣድ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ አንከሽክሹት። ወዙ ይመለሳል፣ ሽታው ይነሳል፣ ይዞራል፣ ወዲያው ወደ ሙቀጫ ይገባል። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ግን ዳግም ይቆላና ይመራል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ቅዳሜ ስትቆሉ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውርዱት።

የሙቀጫ ድምፅ · ሰኞ፣ ምሽት 4:05

ይህንንስ ተቀብያለሁ ሆጤ። ጨምሬ ልበል፣ እሁድ ግን ከጥሬው ይጀመር። እሁድ ጠዋት ከጠርሙስ የወጣ ቡና ማቅረብ እንግዳን ማቅለል ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ቅዳሜ የተቆላ ቡና እሁድ ሲፈላ ሐሙስ ከሚፈላው ይልቅ ይገነፍላል። ጀበናው ስለተበላሸ አይደለም። አዲስ የተቆላ ቡና በውስጡ ጋዝ ይዟል፤ ፍል ውሃ ሲነካው ባንዴ ይለቀዋል፣ አረፋው አንገቱን ሞልቶ ከሰሉ ላይ ይፈሳል። ሰው ይሄኔ ደንግጦ ጀበናውን ያነሳና እጁን ያቃጥላል፤ ከሰሉም ይጠፋል፣ እንደገና ማያያዝ ሌላ ሩብ ሰዓት ነው።

መላው ቀላል ነው። ስድስቱ ሲኒ፣ እያንዳንዱ 75 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ 450 ነው። ቡናው ራሱ የክብደቱን እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ 40 ግራም ከሆነ 80 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ የሚጣደው ውሃ 530 ያህል ነው። ይህ ውሃ የጀበናውን ሆድ ሞልቶ አንገቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጀበናው ለስድስት ሲኒ ያንሳል፤ ሌላ ግዙ ወይም አራት ሲኒ አፍሉ። ውሃው ሲፈላ ጀበናውን ከእሳት አውጡት፣ ቡናውን በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ እያንዳንዷ ማንኪያ አረፋዋ እስኪተኛ ጠብቁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ጣዱ። አረፋው ሲነሳ ትንሽ ሲኒ ላይ ቀድታችሁ መመለስ፣ ሁለት ጊዜ ያህል። ከዚያ ማቶቱ (የጀበናው ማስቀመጫ) ላይ ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥ።

አምስቱን ደቂቃ የማስጠለያ ጊዜ እንዳትነኩ። ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆርጠው እሱን ነው፤ ምንም የሚሠራበት ስለማይመስል። በሦስተኛው ደቂቃ የተቀዳ ቡና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሲኒዎች አተላ ይዘው ይወጣሉ፤ አተላው ስለወጣም ቶናው ይቀጥናል።

የሰሌዳው መምህር (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ልዩነት ያመጣልና። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ግድም። ለቡና ይህ ጉዳት የለውም፤ ቡና ጣዕሙን በደንብ የሚሰጠው ከ90 እስከ 96 ባለው ሙቀት ነው። "ደሴ ላይ ስለማይበስል አብዝቼ ላንተክትከው" የምትል ካለች ትተወው። መንተክተኩ ሲበዛ ምሬቱን ያወጣል እንጂ ሙቀቱን አንድ ዲግሪ አይጨምርም።

እራት ላይ ግን ከፍታው ሰዓት ይበላል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ዘግይተው ነው የሚበስሉት፤ እሳቱን ብታበረቱት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ወጡ አይፈጥንም። ጥራጥሬውን ከማታው ዘፍዝፉት፣ ወይም በግፊት ድስት ቀቅሉት። ምሽቱን የሚጨርሰው ቡናው ሳይሆን ያልተዘፈዘፈው ሽምብራ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ነጭ ጋዋን (ቧንቧ ውሃ) · ማክሰኞ፣ ምሽት 1:35

እስካሁን ሁሉም የጻፈው ስለ ጊዜ ነው፤ ስለ ከሰሉ ግን ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳው። ደሴ ብርድ ነው። ጭጋግ ሲወርድ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጎትቶ፣ ከሰሉ መሐል ቤት ይቀመጣል። ቡናው ካለቀም በኋላ ለሙቀት ተብሎ እዚያው ይተዋል። ይህ ሰው ይገድላል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ብዙ ሰው "ውጭ አያይዤ ጢሱ አልቆ ቀልቶ ነው ያስገባሁት" ይላል። ጢሱ የለም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም፤ የቀላው ፍም ያለማቋረጥ ያወጣዋል። ውጭ ማያያዙ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ቡናው እስኪያልቅ በሩ ወይም ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ አየር ይተላለፍ፤ ብርዱን በጋቢ ቻሉት። በረካው እንደተቀዳ ምድጃው ከቤት ይውጣ። ምድጃ ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ።

በቡና መሐል ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ በተለይ ከአንድ ሰው በላይ ላይ ከታየ፣ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ሁሉም ሰው ወዲያው ውጭ ይውጣ፤ የባሰበት ሐኪም ቤት ይሂድ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሸተት ለዚህ አይረዳም፤ የሚረዳው አየር፣ ከዚያም ኦክስጅን ነው። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ቶሎ ስለሚጎዱ ከምድጃው ርቀው፣ ክፍት በር አጠገብ ይቀመጡ።

ሁለተኛው የእንቅልፍ ነገር ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው ሌሊት 6 ሰዓትም ግማሹን ይዞት ነው። አብዛኛው ካፌይን በመጀመሪያው ፍላት ይወጣል፤ ቶና ይቀንሳል፣ በረካ ከሁሉም ይቀላል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው አቦሉን ይለፍና ከቶና ይጀምር፤ መቀመጡን ግን ከአቦል ይጀምር። እርጉዝ ሴት በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳታልፍ ነው የሚመከረው፤ ለእሷ በረካው ይሻላል። የብረት ክኒን የምትወስድ ሴት ክኒኑንም ምግቡንም ከቡና ጋር አታገናኝ፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር።

ጦሳ ሥር · ማክሰኞ፣ ምሽት 2:00

ነጭ ጋዋን፣ አላህ ይስጥሽ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ይህን አለማንሳቴ ትልቅ ጉድለት ነው። ሌሎች ከዚህ በታች ስትጽፉ በሩ ክፍት ነው ብላችሁ አስቡ።

ፈረቃ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ሌሊት 5:48

እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው "ማታ" የሚባለው ነገር በየሳምንቱ ይቀያየራል። ለቀን ሠራተኛ የተጻፈውን ሰዓት ወስዳችሁ ሌሊት ፈረቃ ላይ አትጫኑት። መነሻችሁ የእንቅልፋችሁ ሰዓት ይሁን። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚተኛ ሰው ጠዋት አቦል ከጠጣ ቀኑን ሙሉ ሲገላበጥ ይውላል። የእሱ ቡና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ላይ፣ ተነስቶ ፊቱን ከታጠበ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ልጆችም ከትምህርት ቤት እየገቡ ነውና አብረው ይደርሳሉ። አቦል ለእሱ፣ ቶና ለሚስቱ፣ በረካ ለትልልቆቹ ልጆች። ያ አንድ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኝበት ብቸኛ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ ላራዝም ብሎ የሚሠዋው ሰው ሳምንቱን ሙሉ የልጆቹን ድምፅ በግድግዳ ነው የሚሰማው።

እታለም (ሸዋ በር) · ረቡዕ፣ ጠዋት 4:25

ወንድሞቼ፣ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። ግን እስቲ ያንን 50 ደቂቃ የሚሠራው ማነው? እናንተ "ቤት ደርሶ አረፍ ማለት" የምትሉት ነገር ለአንዷ ሴት ሁለተኛ ፈረቃ ነው። እሷም ውላ የገባችው ከሥራ ነው። ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትቀዳ፣ ሲኒ ስታጥብ ጨዋታው በጀርባዋ ያልፋል። ቡና ማረፊያ ይሁን ከተባለ የምታፈላዋም ታርፍበት።

ሥራው ደግሞ ተከፋፍሎ የሚያልቅ ነው። ከሰሉን ማያያዝ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው፣ አባወራውም ቢሆን፣ ወጥ ቤት ሳይገባ በረንዳ ላይ ያያይዘዋል። መውቀጡን አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ይችለዋል፤ 40 ግራም ቡና አምስት ደቂቃ ነው፣ ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጆንያ ካለ ወለሉም አይጮኽም። ልጁ እንደ ዱቄት እንዳያልመው ብቻ ንገሩት፤ የደቀቀ አሸዋ ይምሰል። ሲኒና ረከቦቱ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ታጥበው፣ ፎጣ ለብሰው ይጠብቁ። ያን ጊዜ ለእሷ የሚቀረው መጣዱና መቅዳቱ ነው። አቦሉን እሷ ትቅዳ፤ ቶናውን ግን ሌላ ሰው ተነስቶ ይቅዳ፣ በረካውን ሌላ። እሷም አንዴ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሲኒዋን በሁለት እጇ ትያዝ።

ቁርሱንም አታክብዱት። ቆሎው እሁድ ይቆላ፤ ሩብ ኪሎ ገብስ ለሳምንት ይዳረሳል። ፈንድሻ ከሆነ ሁለት ሲኒ ፍሬ አንድ ትልቅ ሳሕን ይሞላል፣ አምስት ደቂቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዳቦ ካልደፋን የሚል ነው ብዙ ቤት ቡናን ከባድ ያደረገው።

ሆጤ · ረቡዕ፣ ቀን 6:40

እታለም፣ እውነትሽን ነው፣ የምጨምረው የለኝም።

አዝዋ ገደል (ደሴ) · ረቡዕ፣ ምሽት 2:20

የሰዓቱን ነገር በተመለከተ፣ እኛ ወሎዎች ቀድሞ የተሰፈረ ጊዜ አለን፤ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። በመግሪብና በኢሻ መካከል ያለው ጊዜ ደሴ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር ላይ 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በክረምት መግቢያ 12:45 አልፎ ነው። ከመግሪብ ተመልሶ አቦል፣ ኢሻ ሳይደርስ በረካ፤ ልኩ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ቡናው አስቀድሞ ከተቆላና ከሰሉ ከተያያዘ ብቻ ነው። ከጥሬው ከጀመራችሁ ኢሻ ቶናው ላይ ይደርስባችኋል።

ክርስቲያኑ ጎረቤት ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ የጠዋቱ ቡና ይቀርበታል፤ ለእሱም የምሽቱ ነው የሚመቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ካሉ ምሽቱ የጋራ ይሁን፣ ቤቱ በተራ። አምስት ቤት ቢሆኑ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል፤ አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና፣ አንድ ምድጃ ከሰል፣ ሌላውን አራት ምሽት ተጠርቶ መሄድ ነው። ጊዜ የሚያጥረው ሁሉም በየቤቱ ለብቻው ሲያፈላ ነው። ሰው ከበዛ ግን ጥሬውንም ውሃውንም በዚያው ልክ ጨምሩ፤ በስድስት ሲኒ ቡና አሥር ሰው ለማዳረስ ሲባል ውሃ የተከለሰበት አቦል የሚያስቀይመው አዛውንቶቹን ነው።

ስልክን በተመለከተ ደግሞ ማዕቀብ አይሠራም፤ ሰው ሊጠራ ይችላል፣ ዘመድ የታመመበት አለ። የሚሠራው ቦታው ነው። የእንጀራ ሰፌድ የምታህል ነገር በር አጠገብ አስቀምጡ፤ ስልኮቹ ድምፃቸው ተከፍቶ እዚያ ይሁኑ። የሚጠራው ይሰማል፣ ሄዶ ያነሳል፣ ይመለሳል። ዝም ብሎ በጣት የሚገፋው ግን ይቀራል፤ ምክንያቱም እጅ ላይ የለም።

ማቶት (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ፣ ጠዋት 2:05

ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስለሚያፈሉ ሰዎች ማንም አልጻፈም። የከሰሉን 15 ደቂቃ ስለሚያስቀር ብዙ ሰው ወደዚያ ሄዷል፤ የጋዙም ስጋት ይቀራል። ችግሩ ጀበናው ነው። ሆዱ ክብ የሆነው ጀበና ጠፍጣፋ ምድጃ ላይ አይቆምም፤ ቢቆምም አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚነካ እዚያ ላይ ይግልና ይሰነጠቃል። ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን ምረጡ፣ በሸክላውና በምድጃው መካከል ስስ ቆርቆሮ ጣሉ፣ ከትንሹ ሙቀት ጀምሩ። ሦስት ደቂቃ በትንሹ፣ ከዚያ ከፍ። ባዶ ጀበና አይጣድ።

አዲስ ጀበና የገዛችሁ ሳታሟሹት ቡና አታፍሉበት። ውስጡን ያለ ሳሙና አጠቡት፣ ውሃና የትናንት የቡና አተላ ሞልታችሁ በቀስታ እሳት አንተክትኩ፣ እዚያው ይብረድ፣ ድፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሸክላው ቀዳዳው ይደፈናል፣ የጭቃ ሽታውም ይሄዳል። ይህን የዘለለ ሰው ለሳምንታት አፈር አፈር የሚል ቡና ይጠጣል፤ ቡናውን ይቀይራል፣ ነጋዴውን ይቀይራል፤ ጥፋቱ የጀበናው ነው።

ለቶናና ለበረካም አንድ ነገር። የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ሸክላው ድንገት ሲበርድ ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም እንደገና እስኪፈላ ስምንት ደቂቃ ነው። አቦሉ እየጠለለ ማንቆርቆሪያው ይጣድ፣ ወይም ፔርሙዝ ውስጥ ፍል ውሃ ይኑር። ያን ጊዜ ቶናው በሦስት በአራት ደቂቃ ይነሳል።

ጦሳ ሥር · ሐሙስ፣ ቀን 6:30

ማቶት፣ የፔርሙዙን ነገር ለሰዓቱ ስል እቀበላለሁ፤ አንድ ሁኔታ ላይ ግን እተወዋለሁ። ጎረቤት ከመጣ፣ ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ስለገጠመው ነገር መናገር ከጀመረ፣ ቶናው በስምንት ደቂቃ ይፍላ። ውሃውን ለብ ብቻ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ሸክላው አይጎዳም፣ ወሬውም መሐል ላይ አይቆረጥም። ሰው ልቡን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ሲኒው ባዶ ሆኖ የሚቀጥለውን ሲጠብቅ ነው።

እታለም · ሐሙስ፣ ምሽት 1:10

ልክ ነው። ለዚህ ነው በረካ ሳይጠጣ መነሳት የሚያስቀይመው።

ሮቢት 7 (ደሴ) · ዓርብ፣ ጠዋት 3:00

ውይይቱን ገና አሁን አገኘሁት። ከሚቀጥለው ሳምንት ልንጀምር ነው፤ አራት ሰው ነን፣ ለአንድ ወር ስንት ጥሬ ቡና እንግዛ? ደግሞም ቡናው ካለቀ በኋላ ጀበናውን እንዴት ነው የምናሳድረው? የኛ ሻገተብን።

የሙቀጫ ድምፅ · ዓርብ፣ ጠዋት 3:30

አብሽሩ፣ ይደርሳል። አራት ሰው ከሆናችሁ ስድስት ሲኒው ይበቃችኋል፤ ለሚጨመረው ሰውም ሁለት ሲኒ ይተርፋል። በሳምንት አምስት ምሽት በ50 ግራም 250 ግራም፣ እሁድ እንግዳ ስለማይጠፋ 100 ግራም። በሳምንት 350፣ በአራት ሳምንት 1 ኪሎ ከ400። 1 ኪሎ ተኩል ግዙ፤ ለቀማው የሚያስወጣውም ከዚያ ይሸፈናል። ጥሬው በከረጢት ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይጎዳም፤ ግን ከእጣንና ከበርበሬ አርቁት፣ ቡና የሌላ ዕቃ ሽታ ይስባል።

ጀበናውን አተላ እንደያዘ አታሳድሩት፣ የሻገተው ለዚያ ነው። በረካው እንዳለቀ አተላውን ድፉ፤ የአበባ ሥር ቢደፋም ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ እየናጣችሁ አለቅልቁት። ሳሙና አይንካው፤ ሸክላው ይመጠውና በሚቀጥለው ቡና ላይ ይመልሰዋል። ከዚያ ውታፉን ሳትከድኑ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ አየር የሚያገኝ ቦታ አሳድሩት። አሁን የሻገተውን አትጣሉት። ሁለት ማንኪያ ጨው በውሃ አድርጋችሁ አፍሉበት፣ ድፉት፣ ከዚያ ማቶት ከላይ እንደጻፈው እንደ አዲስ አሟሹት፤ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ሽታው ከዚያም በኋላ ካልለቀቀ ግን ሸክላው ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ ሌላ ግዙ።